የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር አዘገጃጀት፦ ስለ ስም፣ ስለ ዘመንና ስለ ፊደል ተራ

አንድ የጥናት ጽሑፍ ለኅትመት ከመላኩ በፊት ልዩ ልዩ የዝግጅት ደረጃዎችን ማለፍ እንዳለበት የታወቀ ነው። የኅዳጉ ስፋት፣ የመስመሮቹ ርቀት፣ የአርእስቶቹ አደራደር፣ የሠንጠረዦቹ ቁጥር አሰጣጥ በየመጽሔቱ መመሪያ የሚወሰኑ ስለ ሆኑ፣ ጸሐፊው መመሪያውን አንብቦ ከተከተለ በእነዚህ ረገድ እምብዛም አይቸገርም። በአማርኛ ለሚጻፍ ጥናት ግን መመሪያዎቹ በዝምታ የሚያልፉት ወይም ከእንግሊዝኛው መመሪያ እንዳለ ተገልብጦ የሚሠራበት አንድ ክፍል አለ፤ ይኸውም በጽሑፉ መጨረሻ የሚሰለፈው የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ሲበላሽ የሚጎዳው የጽሑፉ መልክ ብቻ አይደለም። ደራሲው ከሥራው፣ ሥራውም ከዘመኑ ይለያያል፤ ተከታዩ ተመራማሪም መጽሐፉን በመደርደሪያ ላይ እያለ ፈልጎ ያጣዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በሦስት ነገሮች ላይ ለማተት እንወዳለን፤ እነርሱም የደራሲ ስም አጻጻፍ፣ የኅትመት ዘመን አመዘጋገብና የፊደል ተራ ናቸው።

አስቀድመን ስለ ስያሜዎቹ ጥቂት እንበል። ዋቢ በተለመደው አነጋገር ከዋስና ከምስክር ጋር የሚጎራበት ቃል ነው፤ ሰው ለተናገረው ነገር ማረጋገጫ አድርጎ የሚጠራውን ያመለክታል። ለጥናት ሥራ መመረጡ እጅግ የሚስማማ ነው። ሆኖም «ዋቢ መጻሕፍት» የሚለው አባባል የዛሬውን ዝርዝር ሁሉ አይሸፍንም። በዝርዝሩ ውስጥ የመጽሔት መጣጥፍ፣ የመመረቂያ ጥናት፣ በድምፅ የተቀዳ ቃለ መጠይቅም ስለሚገቡ «ዋቢዎች» ወይም «ዋቢ ጽሑፎች» ማለቱ ይሻላል። «የግርጌ ማስታወሻ» የሚለውም ውብ ስያሜ ነው፤ ራስጌና ግርጌ የመኝታ ወገኖች መሆናቸውን ለሚያውቅ አንባቢ ትርጉሙን ማስረዳት አያስፈልግም። በአንጻሩ ግን በጥናቱ መግቢያ ለሚቀመጠው አጭር መግለጫ የሚሰጠው «አጠቃሎ» የሚለው ስያሜ ከመጨረሻው «ማጠቃለያ» ጋር ከአንድ ግሥ የተገኘ በመሆኑ አንባቢን ያምታታል። በእኛ አስተያየት «አኅጽሮተ ጥናት» ቢባል ይመረጣል። ቃሉ ግእዝነቱ የጎላ ነው የሚል ቅሬታ ቢቀርብበትም፣ አንድ ቃል ሁለት ክፍሎችን ከሚያደናግር ይልቅ አንድ ቃል አንድ ክፍል ቢለይ ጥቅሙ የሚበልጥ ይመስለናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የአውሮፓና የአሜሪካ የጥናት መመሪያዎች የደራሲውን የቤተሰብ ስም አስቀድመው፣ የግል ስሙን ከነጠላ ሰረዝ በኋላ ያስከትላሉ። ምክንያቱም በእነርሱ ዘንድ የቤተሰብ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የወል መጠሪያ ሲሆን፣ በመዝገብ ውስጥም ሰው የሚፈለገው በዚሁ ነው። በእኛ አገር ልማድ ግን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም፣ ሦስተኛው ቢጨመርም የአያቱ ስም ነው። ሴትም ብታገባ የአባቷን ስም ትታ የባሏን አትይዝም። ስለዚህ የኢትዮጵያዊን ስም ገልብጦ መጻፍ ማለት የአባትን ስም በልጅ ቦታ መተካት ማለት ነው። ምስጋናውም፣ ወቀሳውም፣ የመጥቀሻው ቁጥርም ስለ ጉዳዩ አንዳች ላልጻፈ አባት ይሰጣል። የአንድ አባት ልጆች የሆኑ እኅትና ወንድም ሁለቱም ተመራማሪዎች ቢሆኑና የራሳቸው ስም በመነሻ ፊደል ብቻ ቢጻፍ ደግሞ የሁለቱ ሥራ በአንድ ሰው ስም ሊመዘገብ ይችላል።

ስሙ ጥምር ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ሦስት የታወቁ የቋንቋ ሊቃውንትን ለምሳሌ እንውሰድ። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በሚለው ውስጥ የግል ስሙ ሁለት ቃላት፣ የአባት ስም አንድ ቃል ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በሚለው ደግሞ የግል ስሙ አንድ ቃል፣ የአባት ስም ሁለት ቃላት ነው። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ከአራት ቃላት የተሠራ ሲሆን የሚከፈለው ከመካከሉ ላይ ነው። እንግዲህ «የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም ነው» የሚለውን ደንብ ያለ ማስተዋል የሚከተል ጸሐፊ «ወልድ፣ ደስታ ተክለ» ብሎ ይጽፋል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴንም በዚሁ ደንብ ሲመዘግብ «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.» የሚል ነገር ይወጣዋል። የአገራችን አንባቢ እንዲህ ያለውን ሲያይ ፈገግ ብሎ ያልፍ ይሆናል፤ በውጭ አገር ያለ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ግን አምኖ ይመዘግበዋል፤ መጽሐፉም ከዚያ በኋላ በትክክለኛው ስም ለሚጠይቀው ሰው አይገኝም።

ስለዚህ የምንመክረው ደንብ አጭር ነው። የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም ሳይገለበጥ፣ የራስ ስም ቀድሞ የአባት ስም ተከትሎ፣ ሁለቱም በመነሻ ፊደል ሳያጥሩ በሙሉ ይጻፉ። በመካከላቸውም ነጠላ ሰረዝ አይግባ። የውጭ አገር ደራሲ ስም ግን እንደ አገሩ ልማድ የቤተሰብ ስሙ ይቅደም፤ ነጠላ ሰረዙም መገልበጡን ያመልክት። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ሥርዓት መኖሩ መዛነቅ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ መዛነቁ በስሞቹ ልማድ እንጂ በዝርዝሩ አለመሆኑን ይገንዘብልን። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካም ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ያሰፈረ በመሆኑ፣ ሥርዓቱ በውጭው ዓለም ጥናት እንግዳ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ኖረው የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የያዙ ወገኖቻችንን በተመለከተ፣ በባዕድ ቋንቋ ለታተመ ሥራቸው በመጽሐፉ ላይ የሰፈረውን መቀበል ተገቢ ነው። ያው ደራሲ በአማርኛም የጻፈ እንደ ሆነ ግን ሁለቱ ሥራዎች የአንድ ሰው መሆናቸው በ«ተመልከት» ይመልከት።

ማዕረግን በተመለከተ ብዙ ማለት አያሻም። አለቃ፣ ብላቴን ጌታ፣ ዶክተር የሚሉት መጠሪያዎች ከስም በኋላ በቅንፍ ቢገቡ የፊደሉን ተራ አያፋልሱም። መጠንቀቅ የሚገባው ማዕረግ ለሚመስል ነገር ነው። በ1951 ዓ.ም. የታተመው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል መዝገበ ቃላት «ከሣቴ ብርሃን ተሰማ» የሚል አርእስት አለው፤ «ከሣቴ ብርሃን» የመጽሐፉ አርእስት ክፍል እንጂ የደራሲው ማዕረግ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ ሲጠቀስም «ተሰማ፣ 1951» ከማለት «ተሰማ ሀብተ ሚካኤል፣ 1951» ማለት ይሻላል፤ በአገራችን ተሰማ የሚባል ብዙ ነውና። የመሥሪያ ቤት ስም ደግሞ መጽሐፉ በታተመበት ጊዜ በነበረው ስያሜ ይመዝገብ። በ1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የመመረቂያ ጥናት፣ ተቋሙ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተባለ ስያሜው ሊለወጥበት አይገባም።

የዘመን ጉዳይ ከስሙ ባልተናነሰ ሁኔታ ያሳስበናል። የእኛ ዓመት ከመስከረም 1 ቀን እስከ አውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ ድረስ ከእነርሱ በሰባት፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በስምንት ያንሳል። ስለዚህ አንድ የእኛ ዓመት በሁለት የእነርሱ ዓመታት ላይ ይወድቃል። በ1962 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ የወጣበት ወር ካልታወቀ በእነርሱ አቆጣጠር 1969 ነው ወይም 1970 ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ በመሆኑም «1962 ዓ.ም. [1969/70]» ተብሎ መጻፍ አለበት። ሰባት ወይም ስምንት ደምሮ አንዱን ብቻ ማስፈር ግምትን እንደ እውነት ማቅረብ ይሆናል።

ምልክቱን ጨርሶ መተው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። የተሰማ ሀብተ ሚካኤል መዝገበ ቃላት «1951» ተብሎ፣ አንድ የውጭ አገር መጽሐፍም «1955» ተብሎ በአንድ ዝርዝር ቢሰለፉ፣ አንባቢ የተሰማ ሥራ በአራት ዓመት የቀደመ ይመስለዋል። 1951 ዓ.ም. በእነርሱ 1958/59 ስለ ሆነ ግን የቀደመው የውጭው መጽሐፍ ነው። በጥናት ዓለም ማን ከማን ወሰደ፣ ማን አስቀድሞ አሰበው የሚለው ክርክር በእንዲህ ያለው ቁጥር ላይ የሚመሠረት ስለ ሆነ፣ የሁለት ፊደላት ምልክት መቅረት በደራሲ ላይ የኩረጃ ጥርጣሬ እስከ ማሳደር ሊያደርስ ይችላል። ቀደም ያሉ መጻሕፍት ዘመኑን በግእዝ አኃዝ፣ አንዳንዶቹም በዓመተ ዓለም እንደሚያሰፍሩ መዘንጋት የለበትም። ፲፱፻፵፰ ያለው 1948 ነው፤ 7448 ዓመተ ዓለም ያለውም 5500 ሲቀነስለት ያው 1948 ዓ.ም. ይሆናል። እንዲሁም የኅትመት ዘመንና የድርሰት ዘመን ይለያያሉ። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. የታተመው አለቃ ኪዳነ ወልድ ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ጥረት ነው፤ ሥራውን በ1948 የተደረሰ አድርጎ የሚጠቅስ ጸሐፊ የሊቁን ዘመን ያዛባል።

ሦስተኛው ጉዳይ የፊደል ተራ ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ ይሁን እንጂ በዝርዝር ሥራ ላይ የሚያስከትሉትን ጣጣ የሚያየው ዝርዝሩን የሚያዘጋጅ ሰው ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብቻ እንመልከት። የመጀመሪያው ፊደል በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ሊጻፍ ይችላል። ሥ በስ፣ ሴም በሤ ሊለወጡ ይችላሉ። ስሙ ተለያይቶም ተጋጥሞም ሊጻፍ ይችላል። ሲባዛ አነባበቡ ሳይለወጥ 48 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል ማለት ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ ፊደሉን በመልኩ እንጂ በድምፁ አያውቀውም። ዝርዝሩን ራሱ እንዲደረድር ቢታዘዝ ሐዲስ ዓለማየሁን ከለ ቀጥሎ፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ከተሰማ በኋላ ያስቀምጣል፤ «ሀ» ላይ ኅሩይን የፈለገ አንባቢ የለም ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል።

በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። አጻጻፉ የደራሲው ንብረት ነው። ደስታ ተክለ ወልድ መጽሐፋቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው ሰይመውታልና «አዲስ የአማርኛ መዝገበ ቃላት» ብሎ ማረም አይፈቀድም፤ ዐ የተጻፈችው፣ «ያማርኛ»ም የተባለው በዕውቀት ነው። አደራደሩ ግን የዝርዝሩ አዘጋጅ ፈንታ ስለ ሆነ ሀ፣ ሐ፣ ኀ በሀ ቦታ፣ ሠ በሰ፣ ዐ በአ፣ ፀ በጸ ቦታ ተጠቃለው በድምፅ ቢሰለፉ አንባቢ ሁሉ ያገኛቸዋል። በዚህ አኳኋን ሐዲስ ከግእዙ ኅሩይ ከሳድሱ በአንድ ቤት ይከተላሉ። ተራው የሀለሐመ ይሁን ወይስ የአበገደ የሚል ጥያቄም ይነሣ ይሆናል። ኪዳነ ወልድም ደስታም መዝገበ ቃላታቸውን በአበገደ ተራ ማዘጋጀታቸው ይታወቃል፤ ለተራውም ያቀረቡት ምክንያት ክብደት ያለው ነው። ለዋቢ ዝርዝር ግን አንባቢው ከልጅነቱ የቆጠረውን ሀለሐመን መከተል ያዋጣል ባዮች ነን።

ስለ ኮምፒዩተር ካነሣን አይቀር ለመላክ በተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ሦስት ነገሮችን እናመልክት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ስልት በተሠሩ የፊደል ቅርጾች የተጻፈ ጥናት ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲሻገር ወደ ላቲን ፊደል ዝብርቅ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከመላኩ በፊት ተለውጦ ቃል በቃል መነበብ አለበት። ዋቢዎችን የሚመዘግቡ ፕሮግራሞችም የቤተሰብ ስምና የግል ስም የሚል ሁለት ሣጥን ያቀርባሉ። ዞቴሮ በተባለው ፕሮግራም ሁለቱን ሣጥኖች ወደ አንድ መለወጥ ይቻላልና የኢትዮጵያዊ ስም እንዳለ በአንዱ ውስጥ ይግባ።

ሦስተኛው «ዝኒ ከማሁ» የሚለው የግርጌ ማስታወሻ ቃል ነው። ጽሑፍ በታይፕ ይጻፍ በነበረበት ጊዜ ማስታወሻው ከተመታ በኋላ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ቃሉ ባለው ላይ ጸንቶ ይቆይ ነበር። ዛሬ አንድ አንቀጽ ወደ ላይ ሲሳብ ወይም አዲስ ማስታወሻ በመካከል ሲገባ «ዝኒ ከማሁ» ያለ ጸሐፊው ዕውቀት ወደ ሌላ መጽሐፍ ይጠቁማል። በመሆኑም ረቂቁ እስኪያልቅ ድረስ በየማስታወሻው የደራሲው ስምና የአርእስቱ አጭር መጠሪያ ይጻፍ፤ «ዝኒ ከማሁ» የሚገባው ጽሑፉ ታርሞ ሊላክ ሲል፣ እያንዳንዱ ማስታወሻ ከበላዩ ካለው ጋር አንድ በአንድ ከተመሳከረ በኋላ ነው።