የመጀመሪያው የጌም ኮምፒዩተር፦ ገንዘባችሁ በየትኛው ዕቃ ላይ ይዋል?



«ጌም የሚያጫውት ኮምፒዩተር ይገዛልኝ» የሚለው ጥያቄ ዛሬ በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። አባት ይህን ሲሰማ በቅድሚያ የሚያስበው ስለሚወጣው ገንዘብና ስለሚያልፈው የሰላት ወቅት ነው። ልጅ በበኩሉ የሚያስበው ጓደኛው ቤት ስላየው ማሽን ነው። በዚህ መካከል ማንም ነገሩን ሳያጠና አንድ ሱቅ ይገባና፣ ባለሱቁ «ይኼ ፈጣን ነው» ያለው፣ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚብለጨለጭ ሳጥን ተሸክመውት ይመጣሉ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ልጁ የተመኘውን ጌም አልከፍትም ይላል።

ጌም መጫወት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ርዕስ ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን። የፈቀዱትም ቢሆኑ ይዘቱ ከሐራም የጸዳ እንዲሆን፣ ቁማር እንዳይገባበት፣ ከሰላትና ከትምህርት እንዳያዘናጋ የሚሉ ሁኔታዎችን አስቀምጠዋል። በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው ቤተሰቡ ተመካክሮ «ይሁን» ካለ በኋላ ገንዘቡ በኢስራፍ እንዳይጠፋ በዕቃ አመራረጡ ላይ ነው። ተገጣጥሞ ከሚሸጠው ይልቅ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ መገጣጠሙን የምንመርጠውም ለዚሁ ነው። የተገጣጠመ ማሽን ሲሸጥ በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ሲሆን፣ ርካሹ ዕቃ የሚደበቀው ስሙ በማይጠራው ክፍል ውስጥ ነው።

ምን ልትጫወቱበት ነው?

ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሱቅ መሄድ አይገባም። ሮኬት ሊግን ወይም ማይንክራፍትን ለሚጫወት ወጣት የሚበቃው ማሽንና በየዓመቱ የሚወጡትን ከባድ ጌሞች ለሚፈልገው የሚያስፈልገው ማሽን የዋጋ ልዩነታቸው እጅግ ሰፊ ነው። ስለዚህ ልጁ የሚፈልጋቸውን አምስት ጌሞች በወረቀት ላይ ይጻፍ። የእያንዳንዱን አነስተኛና የሚመከር መስፈርት አምራቹ በግልጽ ያሳውቃል። ዝርዝሩን አባትና ልጅ አብረው ቢያዩት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ወላጅ ቤቱ ምን ሊገባ እንደሆነ ከወዲሁ ያውቃል።

ሞኒተሩም እዚህ ላይ ይታሰብ። ስፋቱ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ለመጀመሪያ ኮምፒዩተር በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ስክሪን እጅግ ውድ የሆነ ግራፊክስ ካርድ ካልታከለበት ጥቅም አይሰጥም።

ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም

ብዙ ጀማሪዎች ገንዘባቸውን የሚጨርሱት በፕሮሰሰር ላይ ነው። ለጌም ግን ስድስት ኮር ያለው ፕሮሰሰር በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 እና ኢንቴል ኮር አይ5 12400ኤፍ ሁለቱም 6 ኮር ያላቸው ሲሆን፣ ካርቶናቸው ሳይከፈት ከተገዙ ማቀዝቀዣቸው አብሯቸው ስለሚመጣ ሌላ ወጪ አያስከትሉም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ በሉ። በኢንቴሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» የምትባል ፊደል በውስጡ የምስል ማውጫ የለውም ማለት ነው። ራይዘን 5 5600ም እንዲሁ ነው። ግራፊክስ ካርድ ካልተገጠመላቸው ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ራይዘን 5 5600ጂ የራሱ የሆነ የምስል ማውጫ አለው። ቀላል ጌሞችን፣ የትምህርት ቤት ሥራን፣ ቪዲዮ ማቀናበርን ያለ ካርድ ይወጣል። ፍጥነቱ ከ5600 ትንሽ ያንሳል፤ የውስጥ ማስታወሻውም (ካሽ የሚባለው) ግማሽ ነው። ያም ሆኖ ገንዘብ ጥቂት በጥቂት ለሚመጣለት ቤተሰብ ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ይህ ነው እንላለን። ዛሬ በእጅ ባለው ገንዘብ ይጀመራል፣ ካርዱ ከዓመት በኋላ ይጨመራል፤ በወለድ የሚከፈል ብድር ውስጥ መግባትም አያስፈልግም።

ማዘርቦርድ ሲገዛ የፕሮሰሰሩ መቀመጫ (ሶኬት) መግጠሙ የግድ ነው። የራይዘን 5000 ተከታታይ ኤኤም4 በሚባለው ላይ ይቀመጣል፤ ይህም ዲዲአር4 ራም ብቻ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው ኤኤም5 ደግሞ ዲዲአር5 ብቻ ነው። በኢንቴል ኤልጂኤ 1700 ላይ ግን ሁለቱም ዓይነት ማዘርቦርድ ስለተሠራ ካርቶኑን ሳያነቡ መግዛት ያሳስታል፤ አንዱ ራም በሌላኛው ቦታ ፈጽሞ አይገባም። ቢ450 የሚባለውን የቆየ ኤኤም4 ማዘርቦርድ የምትገዙም ከሆነ ባዮሱ ለ5000 ተከታታይ መታደሱን ሻጩን ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ2025 የመጨረሻ ወራት አምራቾች ምርታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት በማዞራቸው የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ናረ። ስለዚህ 32 ጊጋባይት ካልሆነ ብሎ መጨነቅ አይገባም፤ 16 ይበቃል። ነገር ግን አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ መረጃ የሚያልፍበት መንገድ እጥፍ ይሆናልና። በተለይ ያለ ካርድ በ5600ጂ ለሚጀምር ሰው ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው።

ግራፊክስ ካርድ፦ የገበያው ወጥመድ

ለጌም ዋናው ዕቃ ይህ ነው፤ ከጠቅላላው በጀት ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያም በላይ እዚህ ላይ ቢውል አያስቆጭም። ለ1080 ስክሪን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡት አርቲኤክስ 3060 (12 ጊጋባይት፣ 170 ዋት) እና አርኤክስ 6600 (8 ጊጋባይት፣ 132 ዋት)፣ እንዲሁም የ2023ቱ አርቲኤክስ 4060 (8 ጊጋባይት፣ 115 ዋት) ጥሩ ናቸው።

ስም ግን አይታመንም። አርቲኤክስ 3060 በኋላ ላይ ባለ 8 ጊጋባይት ሆኖም ወጥቷል፤ ስሙ አንድ ነው፣ የማስታወሻው መንገድ ግን ከ192 ቢት ወደ 128 ቢት የጠበበ በመሆኑ ፍጥነቱ ያንሳል። ጂቲ 1030 የተባለው ትንሽ ካርድም እንዲሁ በሁለት ዓይነት ማስታወሻ ተሠርቶ በአንድ ስም ተሸጧል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ፍጹም ሐሰተኛው ነው፤ አሮጌ ካርድ በውስጡ ያለው ጽሑፍ ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ይቀርባል። ጂፒዩ-ዜድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ከመክፈላችሁ በፊት በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ አስከፍቱት፤ እንዲህ ያለውን ካርድ ያጋልጣል።

ያገለገለ ካርድ መግዛት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ዕቃ ለብዙዎች የማይቀመስ ሆኗል። ነገር ግን ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ አሠራሩን እስከቀየረበት እስከ ሴፕቴምበር 2022 ድረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካርዶች ሌትና ቀን ሳይጠፉ ሲሠሩ ቆይተው በኋላ ገበያ ላይ ፈሰዋል። እነዚህ ሁሉ የተበላሹ ናቸው ማለት አይደለም። ፋናቸው ግን ያረጀ፣ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባታቸውም የደረቀ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የንግድ ፊቅህ ያቆየልን ሁለት ነገሮች እጅግ ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ሻጭ የሚያውቀውን ዐይብ የመግለጽ ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። ደብቆ ከሸጠና ገዢው ካገኘበት፣ ገዢው በኺያር አል-ዐይብ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው። ሁለተኛው ኺያር አሽ-ሸርጥ ነው። ገዢና ሻጭ «በዚህ ቀን ውስጥ ካልፈለግሁት እመልሳለሁ» ብለው መዋዋል ይችላሉ። በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀብ የጊዜው ወሰን ሦስት ቀን ሲሆን፣ ሌሎቹ መዝሀቦች ከዚያ በላይም ይፈቅዳሉ። አንድን ካርድ ለመፈተን ደግሞ ሦስት ቀን ከበቂ በላይ ነው። ከባድ ጌም ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ይከፈትበት፤ ምስሉ ከተቆራረጠ፣ ባለቀለም ነጠብጣብ ከታየ፣ ኮምፒዩተሩ በራሱ ከጠፋ ካርዱ ይመለስ። ውሉን በሁለት መስመር ጽፎ መፈራረም ማንንም አያስቀይምም፤ ቅን ነጋዴ ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም።

ዘመድ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣላቸው ቤተሰቦች ካርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና ኤስኤስዲውን ቢያስመጡ ቀላልና ትንንሽ ስለሆኑ ይመቻል። በዱባይ ያሉ ወገኖች በቡር ዱባይ ያለውን የኻሊድ ቢን አል-ወሊድ ጎዳና ያውቁታል፤ የኮምፒዩተር ሱቆች ተደርድረው የሚገኙበት ነው። ደረሰኙ አብሮ ይምጣ። ኬዝና ፓወር ሰፕላይ ግን ከባድ ስለሆኑ እዚሁ መግዛቱ ይሻላል።

ማንም የማይጠይቀው ፓወር ሰፕላይ

በእኛ አገር ኮምፒዩተር የሚገድለው ጌም ሳይሆን መብራት ነው። ከኬዝ ጋር «በነፃ» የሚሰጠውን ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ ለጌም ማሽን አትጠቀሙበት። ላዩ ላይ 600 ዋት ተብሎ ቢጻፍም ግማሹን እንኳ ያለ ችግር ላይሰጥ ይችላል። ሲቃጠል ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ስለ ኃይል ቁጠባው የሚናገር እንጂ ስለ ደኅንነቱ ሙሉ ማረጋገጫ ባይሆንም፣ ከታወቀ አምራች ጋር ሲገኝ መልካም ምልክት ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ካርዱ 170 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 65 ዋት፣ ማዘርቦርዱ፣ ፋኖቹና ዲስኩ በጠቅላላ 60 ያህል ቢወስዱ ድምሩ ከ300 ዋት አይበልጥም። ካርዱ ለቅጽበት ከወትሮው በላይ የሚስብበት ጊዜ ስላለ 550 ዋት ያለው ይገዛ። 850 ዋት የሚያስፈልገው የለም፤ የሻጩን ምክር በዚህ ላይ አትስሙ።

ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለችውን ቀይ ማብሪያ ተመልከቱ። 115 ላይ እንዳለች በእኛ 220 ቮልት ሶኬት ከተሰካ በአንዲት ቅጽበት ይነዳል። አዲሶቹ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ካላቸው ስጋት የለም።

ዩፒኤስ መግዛትም ከቅንጦት አይቆጠርም። ሆኖም ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው «ቪኤ» ከዋት ጋር አንድ አይደለም፤ 650 ቪኤ የተባለው ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። ያውም ለጥቂት ደቂቃ፤ ዓላማው ጨዋታውን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ነው። አንድ ዲቫይደር ላይ ኮምፒዩተሩን ከምጣዱና ከካውያው ጋር መሰካት ደግሞ ገንዘብን በእጅ ማቃጠል ነው። ኤርዝ ያለው የራሱ ሶኬት ይኑረው።

የቀሩት ዕቃዎችና አገጣጠሙ

ዊንዶውስና ጌሞቹ ኤስኤስዲ ላይ ይቀመጡ። የዛሬ ትልልቅ ጌሞች አንዳንዶቹ ብቻቸውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚይዙ፣ ገንዘቡ ከተገኘ 1 ቴራባይት ይሁን። ኬዙ ፊት ለፊቱ አየር የሚያስገባና የአቧራ ማጥለያ ያለው ይሁን፤ ካርዱ በርዝመት መግባቱንም ለኩ። ማብለጭለጩ ፍጥነት አይጨምርም።

ለመገጣጠም አንድ ባለመስቀል ካቻቢቴና የአንድ ከሰዓት ትዕግሥት ይበቃል። ፕሮሰሰሩ በማዕዘኑ ላይ ያለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር ከተገጠመች ያለ ግፊት በራሱ ይቀመጣል፤ በኃይል የሚገባ ከመሰለ አቀማመጡ ተሳስቷልና አንሡት። ሲያልቅ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ሰኩ። ይህን ሳያውቁ «ካርዱ አይሠራም» ብለው የሚመልሱ ብዙዎች ናቸው። በባዮስ ውስጥም ኤክስኤምፒ የሚለውን ካላበራችሁ ራሙ ከተከፈለበት ፍጥነት በታች ይሠራል።

የፕሮግራሙ ሒሳብ

የዕቃው ገንዘብ ሐላል ሆኖ በላዩ ላይ የሚጫነው የተሰረቀ ከሆነ ነገሩ ግራ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1409 ዓመተ ሂጅራ (ዲሴምበር 1988 እ.ኤ.አ.) ኩዌት ላይ ባካሄደው 5ኛ ጉባኤው የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ የባለቤቶቻቸው ንብረት መሆናቸውን፣ መዳፈርም እንደማይፈቀድ ወስኗል። «ክራክ» የተደረገ ጌም ከዚህ ውጭ አይደለም፤ ቫይረስ ይዞ የሚገባበትም ዋና በር ነው። እንደ ሮኬት ሊግ ያሉ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በነፃ የሚሰጡ ጌሞች እያሉ መስረቅ አያስፈልግም። በነፃ ጌም ውስጥም ቢሆን ይዘቱ ሳይታወቅ በገንዘብ የሚገዛ «ሳጥን» ካለ ወላጅ ይጠንቀቅ። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያሉትን ሳጥኖች ቁማር ናቸው ብሏቸዋል።

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 14 ቀን 2025 (በእነርሱ አቆጣጠር ኦክቶበር) ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል። ዊንዶውስ 11ን ደግሞ የቆዩ ፕሮሰሰሮች አይቀበሉትም፤ ከኢንቴል 8ኛው ትውልድ፣ ከኤኤምዲ የራይዘን 2000 ተከታታይ በፊት ያለ ፕሮሰሰር በርካሽ ቢቀርብላችሁ በዚሁ ምክንያት ይቅርባችሁ። ሊኑክስ በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ፕሮቶን በተባለው መሣሪያ እጅግ ብዙ የዊንዶውስ ጌሞች ይሠሩበታል። ነገር ግን ፎርትናይትና ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በመከላከያ ፕሮግራማቸው ምክንያት ሊኑክስ ላይ አይከፈቱም። ስለዚህ ልጁ በወረቀቱ ላይ ከጻፋቸው አምስት ጌሞች አንዱ የኳስ ጌም ከሆነ፣ የዊንዶውስ ፈቃዱ ዋጋ ከካርዱ ዋጋ ጎን ከመነሻው በበጀቱ ውስጥ ይግባ።