ከጀርባ ያለችው ቀይ መቀያየሪያ

ከጅዳ የተላከ የጠረጴዛ ኮምፒውተር አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከካርቶኑ ወጥቶ ሶኬት ላይ ሲሰካ «ጧ!» ብሎ ሊጨስ ይችላል። ቡዳ በልቶት አይደለም፤ ጉምሩክም አልሰበረውም። ብዙዎቻችን ሲፒዩ የምንለውን ሳጥን አዙራችሁ ከኤሌክትሪክ ገመዱ መሰኪያ አጠገብ ተመልከቱ። አሮጌ ከሆነ ጥፍር የምታህል ቀይ መቀያየሪያ አለችው። በአንድ በኩል 115፣ በሌላው 230 ይነበብባታል።

ሳዑዲ ዓረቢያ ለረጅም ጊዜ በየቤቱ 127 እና 220 ቮልት ጎን ለጎን ስትጠቀም ኖራለች። ቀስ በቀስ ወደ 230 ለመሻገር መንግሥቷ የወሰነው በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በ127 ሶኬት ሲሠራ የኖረ ማሽን መቀያየሪያው 115 ላይ ነው፤ የእኛ አገር ሶኬት ደግሞ 220 ነው። ከሚችለው እጥፍ ገደማ የተጫነበት ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ኃይል አከፋፋዩ ክፍል፣ ይቃጠላል። በተገላቢጦሽ፣ ከአዲስ አበባ የሄደ ኮምፒውተር 230 ላይ እንዳለ 127 ላይ ቢሰካ አይቃጠልም፤ አቅም አጥሮት ዝም ይላል። ባለቤቱ ግን «ሞቷል» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ላፕቶፕ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈ የትም ይሰካል።

የማይነሳ ኮምፒውተር የት ላይ እንደቆመ ማየት ግማሽ ጥገና ነው። ቁልፉ ሲጫን መጀመሪያ የሚነቃው ፓወር ሰፕላዩ ነው። የሚሰጠው ኃይል መስተካከሉን ሲያረጋግጥ ለማዘርቦርዱ ምልክት ይልካል፤ ያ ምልክት እስኪደርሰው ፕሮሰሰሩ ንቅንቅ አይልም። ሲደርሰው ባዮስ የሚባለውን፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም ማንበብ ይጀምራል። ባዮስ ራሙን፣ የስክሪን ካርዱን፣ ኪቦርዱን ይፈትሻል፤ ከዚያ ዲስኩን ፈልጎ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል።

መብራትም ማራገቢያም ከሌለ ጥርጣሬው ኃይሉ ላይ ነው። ዲስክ አላገኘሁም ካለ ከሁሉ በፊት የተረሳ ፍላሽ እንዳልተሰካ እዩ፤ ሰው ስንት ጊዜ በዚህ ተታሎ ገንዘብ ከፍሏል! ማራገቢያው እየዞረ፣ «ጢጥ ጢጥ» እያለ ስክሪኑ ከጠቆረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሙ ነው። እዚህ ላይ ጅዳ የራሷን ታዋጣለች። የቀይ ባሕር እርጥበት ከአቧራ ጋር ተደባልቆ በራሙ ወርቃማ ጥርሶች ላይ ይለጠፋል። ገመዱን ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ መጥረግ፣ ከዚያም «ቀጭ» እስኪል መልሶ መጫን፤ ሕክምናው ይህ ነው። የላጲስ ዋጋ ስንት ነው?

መካ ባሕር የላትም፤ ሙቀት ግን አላት። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሐጅ ወቅት በታላቁ መስጊድ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። ማራገቢያ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አየር አያቀዘቅዝም። ክፍሉ ከጋለና ማራገቢያው በአቧራ ከታፈነ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ማሽኑን ያጠፋዋል። እንዲህ ተነስቶ ከደቂቃዎች በኋላ የሚጠፋ ኮምፒውተር የሚፈልገው ብሩሽ ነው።

የዊንዶውስ ምልክት መጥቶ እዚያው ከቀረ ነገሩ ብዙ ጊዜ ወደ ሶፍትዌር ይሄዳል። ዊንዶውስ ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳት ሲያቅተው የጥገና ገጹን ራሱ ያወጣል፤ ከዚያ አስፈላጊው ብቻ በሚነሳበት በሴፍ ሞድ መግባት ይቻላል። ጅዳም ሆነ መርካቶ ገና ሳይፈትሽ «ፎርማት ላድርገው» የሚል ጠጋኝ ግን አይጠፋም። እኔ እንዲህ ላለ ሰው ማሽኔን አልሰጥም። የሠርግ ፎቶ፣ የልጅ ድምፅ፣ የሰነድ ቅጂ ያለበት ዲስክ ፎርማት የሚደረገው መጀመሪያ ተነቅሎ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ፋይሉ ከተገለበጠ በኋላ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቱት፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የሚነዝር ኤሌክትሪክ ይቆያል።

ዕቃ ወደ አገር ቤት የምትጭኑ ወገኖች፣ ካርቶኑን ከማሸጋችሁ በፊት ገመዱን ንቀሉና በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጫፍ ቀይዋን መቀያየሪያ ወደ 230 ግፏት። እንዳትመለስ ፕላስተር ለጥፉባት።