የጣና እንግዶች

በየካቲትና በመጋቢት ወር ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ የሚሄድ ሰው፥ ፀሐይ ሞቅ ስትል ቀና ብሎ ቢመለከት፥ የ«ለ»ን ፊደል ቅርጽ ይዘው ወደ ሰሜን የሚበሩ ትልልቅ ግራጫ ወፎች ሊያይ ይችላል። ድምፃቸው እንደ መለከት ከሩቅ ይሰማል። ብዙው መንገደኛ «ወፎች ናቸው» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን እነዚህ ወፎች ከየት መጡ? ወዴትስ ይሄዳሉ? ያ መንገደኛ ያየበትን ቀንና የወፎቹን ብዛት ጽፎ ለሌላ ሰው ቢያካፍል ምን ጥቅም ይገኛል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አዕዋፍ ጊዜያቸውን ጠብቀው ከአገር ወደ አገር መዘዋወራቸው በጥንት ዘመንም የታወቀ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ሕዝቡን ሲገሥጽ፥ ሽመላና ዋኖስ የመምጫ ጊዜያቸውን ማወቃቸውን ምሳሌ አድርጎ ጠቅሷል። ወዴት እንደሚሄዱ ግን በርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ታላቁ የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል እንኳ፥ ጨረባ ከሚባሉት ጅራታቸው እንደ መቀስ ከተከፈለ ትናንሽ ወፎች አንዳንዶቹ በብርድ ወራት ከጉድጓድ ገብተው የሚደበቁ መስሎት ነበር።

በ1822 ዓ. ም. በጀርመን አገር አንድ ሽመላ ተገደለ። በአንገቱ ላይ ረጅም ጦር ተሰክቶ ነበር። ጦሩ ሲመረመር የአፍሪካ ሰዎች የሚሠሩት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ወፉ ቆስሎ ሳለ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መመለሱ ሊቃውንቱን አስደነቃቸው። ያ ሽመላ ሥጋው ወጥቶ ተሞልቶ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በሥርዓት የጀመረው አንድ የትምህርት ቤት መምህር ነው። ሞርተንሰን የተባለው ይህ ሰው በዴንማርክ አገር በቪቦርግ ከተማ ያስተምር ነበር። በ1899 ዓ. ም. ከአሉሚኒየም በተሠሩ ትናንሽ ቀለበቶች ላይ ቍጥርና አድራሻ ቀርጾ በወፎች እግር ላይ አሠረ። ወፏን ሌላ አገር ያገኛት ሰው ቍጥሩን ጽፎ ቢልክ፥ የሄደችበት መንገድ ይታወቃል ማለት ነው። በዚሁ ዘዴ በ1911 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር ቀለበት የታሠረላት አንዲት ጨረባ፥ በ1912 ዓ. ም. መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ በናታል በአንድ የእርሻ ቤት ውስጥ ተያዘች። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ብቻ የሆነች ወፍ አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ መብረሯ በዚያን ጊዜ ተረጋገጠ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፥ ወፏን ያገኛት ሰው ቀለበቱን ወርውሮ ዝም ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ተሰውሮ ይቀር እንደነበረ ነው። ዕውቀቱ የተገኘው አንዱ ያሠረውን ሌላው አይቶ በደብዳቤ ስላስታወቀ ነው።

አሁን ወደ ጣናችን እንመለስ። በመግቢያው ላይ ያነሣናቸው ግራጫ ወፎች በእንግሊዝኛ ክሬን፥ በዐረብኛ ኩርኪ ይባላሉ። እኛም ኩርኪ እንበላቸው። ኩርኪ እግረ ረጅምና አንገተ ረጅም ነው፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። አንገቱ ጥቍርና ነጭ ሲሆን በአናቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። በራሱ ላይ ወርቅ የመሰለ ጉንጉን ካለው ዘመዱ ጋር እንዳናምታታው ያስፈልጋል፤ ባለጉንጉኑ ዓመቱን ሙሉ የአገራችን ነዋሪ ነው፥ ግራጫው ግን እንግዳ ነው።

ኩርኪዎች በጥቅምትና በኅዳር ይመጣሉ። በጣና ዙሪያ፥ ይልቁንም በፎገራ ሜዳ፥ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ይሰነብታሉ። በኢስቶኒያና በምዕራብ ሩሲያ ሊቃውንት ምልክት ካደረጉባቸው ኩርኪዎች አንዳንዶቹ ወደ ኢትዮጵያ መምጣታቸው ታውቋል። ዛሬ ቀለበት ብቻ ሳይሆን ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ ይታሠርላቸውና ጕዟቸውን በሳተላይት ይከታተሏቸዋል። ከኢስቶኒያ እስከ ጣና በቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ከኩርኪ ጋር ሌሎችም ብዙ እንግዶች አሉ። በከብት እግር ሥር እየሮጠች ጅራቷን የምታወዛውዝ ደረተ ቢጫ ትንሽ ወፍ፥ አፉ እንደ ማንኪያ የሰፋ ዳክዬ፥ ጅራቱ እንደ መርፌ የሾለ ዳክዬ፥ በጭቃ ውስጥ ረጅም አፋቸውን እየሰኩ ትል የሚፈልጉ ወፎች፥ ጨረባዎችም ይገኛሉ።

ጣናን የመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ክረምቱ ሲያልፍ ውሃው ቀስ በቀስ ይሸሽና እንደ ሸሸርና ወለላ ባሉት ረግረጎች ላይ ከጕልበት የማይበልጥ ውሃና ለስላሳ ጭቃ ይቀራል። ይህም የሚሆነው እንግዶቹ በሚደርሱበት ወራት ነው። ኩርኪ ቀን በታጨደ ማሳ ላይ የረገፈ እህል ይለቅማል፤ ሲመሽ አውሬ እንዳይደርስበት ከዝቅተኛ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። እንግዲህ ማሳውና ረግረጉ ጎን ለጎን ካልተገኙለት ሊሰነብት አይችልም።

«እንዲህ ከተመቻቸው ለምን ይመለሳሉ?» የሚል ይኖራል። መልሱ በቀኑ ርዝመት ላይ ነው። በእኛ አገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በኢስቶኒያ ግን በሰኔ ወር የቀኑ ብርሃን ከ18 ሰዓት ይበልጣል፤ ትንኙና ትሉም ይበዛል። ወላጅ ወፍ ረጅሙን ቀን ምግብ እየፈለገ ጫጩቶቹን ቶሎ ያሳድጋል። ብርድ ሲመጣ ግን ምድሩ በበረዶ ስለሚሸፈን መሰደድ ግድ ይሆናል። ስለዚህ የእነርሱ የአበባ ወራት ሲቃረብ፥ ማለት የእኛ በጋ ወደ ማለቂያው ሲደርስ፥ ጣናን ይሰናበታሉ። በጕዟቸውም ፀሐይን፥ ከዋክብትንና የምድርን የማግኔት ኀይል እንደ መሪ ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደርሰናል፤ ያዩትን ጽፎ ማካፈል ምን ይጠቅማል? አንድ ሊቅ ብቻውን በሁሉም ስፍራ መገኘት አይችልም። ስለዚህ ከ1967 ዓ. ም. ጀምሮ በብዙ አገሮች የውሃ ወፎች በጥር ወር አካባቢ በአንድነት ይቆጠራሉ። በአገራችንም በ1966 ዓ. ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወፎችን በማጥናትና በመጠበቅ ይሠራል። በ2002 ዓ. ም. በተጀመረው ኢበርድ በተባለው መዝገብ ደግሞ ዛሬ ማንም ሰው ያየውን ወፍ፥ ቀኑንና ቦታውን በኢንተርኔት አስገብቶ ለዓለም ማካፈል ይችላል።

ለጀማሪ ግን ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የቦታውን ስም፥ የወፉን መልክ፥ ብዛቱንና ይሠራ የነበረውን መጻፍ ነው። መንጋው ሲበዛ መጀመሪያ አሥሩን ወይም መቶውን ለይቶ ቈጥሮ፥ ያን የሚያህል ስንት ጊዜ እንደሚገኝ መገመት ይቻላል። ኩርኪን ለመቁጠር የሚሻለው ወደ ማደሪያው በሚመለስበት በምሽት ነው። ያላወቁትን ወፍ ስም በግምት ከመጻፍ መልኩን ብቻ መጻፍ ይሻላል። ሄደው ምንም ካላዩም «አላየሁም» ብሎ መጻፍ ይገባል፤ ይህም ራሱ ምስክርነት ነው።

ይህ ምስክርነት ዛሬ በጣም የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የሸሸርና የወለላ ረግረጎች ለእርሻ እየተጠነፈፉና ውሃቸው ለመስኖ እየተሳበ ጠበዋል። በ2011 ዓ. ም. በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የሐይቁን ዳር እየሸፈነ ዓሣ አጥማጁንም ከብት ጠባቂውንም አስቸግሯል። ጣና በ2015 ዓ. ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ቢመዘገብም፥ መመዝገቡ ብቻ ረግረግን ከመድረቅ አያድንም። በሌላ በኩል ሩዝና ሽንኩርት የሚያመርተው ገበሬም ልጆቹን ማሳደግ አለበት፤ ወፎቹም ገና ካልታጨደ አዝመራ ላይ ሲያርፉ ጉዳቱ የሚደርሰው በርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ለገበሬው ምን ያህል መሬት፥ ለረግረጉስ ምን ያህል ውሃ እንደሚገባ ለመወሰን አስቀድሞ እውነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። «ድሮ ብዙ ነበሩ፥ ዛሬ አነሱ» የሚለው የሽማግሌ ቃል የሚከበር ነው፤ ነገር ግን ስንት ነበሩ? ስንትስ ቀሩ? ይህን የሚመልሰው በየዓመቱ የተጻፈ ቍጥር ብቻ ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ቀለበት ማሠርን ያስጀመረው መምህር እንጂ ባለ ብዙ ሀብት ሰው አልነበረም። በእኛም ትምህርት ቤት በየክፍሉ አንድ የወፍ ደብተር ቢኖር፥ መምህራን ቢያርሙት፥ ወላጆችም በልጅነታቸው ያዩትን ቢያጽፉበት፥ ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ለጣና ትልቅ መዝገብ ይሆናል። ኩርኪዎቹ በመጪው ጥቅምት ሲመለሱ የመጡበትን ቀን የጻፈ አንድ ተማሪ እንኳ ይገኝ ዘንድ ምኞታችን ነው።