ሞተርም ውሃ ይመርጣል

እህል የሚፈጨው የወፍጮ ሞተር በሆዱ እሳት አለ። የሚያርሰው ትራክተር፣ ከጉደር ወደ ጌዶ ዳገቱን የሚወጣው አይሱዙ፣ በአስፋልት ላይ የምትከንፈው የእሽቅድድም መኪናም እንደዚያው ናቸው። ጉልበት የሚገኘው ናፍጣው ወይም ቤንዚኑ ሲነድ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሙቀት ለሥራ የሚውለው ከግማሽ ያነሰ ነው። ከቀረው ከፊሉ ብረቱን ያግለዋል። ይህን ትርፍ ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣ ውሃ ነው።

ውሃው በሞተሩ ብረት ውስጥ በተበጁ መንገዶች ይዞራል። ሙቀቱን ይዞ በላይኛው የጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ራዲያተር ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት፣ ሲያዩት ወንፊት የሚመስል ነገር ነው። ማራገቢያው ነፋስ ሲስብበት ውሃው ይበርዳል። ከዚያም በታችኛው ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሲዞር ይውላል ማለት ነው።

በጉደር አካባቢ አንድ የወፍጮ ሞተር በውሃ ምክንያት ሲበላሽ አይቻለሁ። ባለቤቱ ሰነፍ ሰው አልነበሩም። ዘይቱን በጊዜው ይቀይራሉ፤ ቺንጋው ሲላላ ያጠብቃሉ። ውሃ ሲጎድል ግን ከቅርቡ ምንጭ እያስቀዱ ይሞሉ ነበር። ምንጩ ደግሞ ከብት የሚወደው ሆራ ነው። «ከብቴን ያጠነከረ ውሃ ሞተሩን ምን ያደርገዋል?» ይሉ ነበር። መካኒኩ ሞተሩን ሲፈታው የውሃው መንገድ በነጭ ድንጋይ ተደፍኖ ተገኘ። ብረቱ ግሎ ፒስቶኑ ከቤቱ ጋር ተጣብቋል። መካኒኮች «ሞተሩ ነከሰ» የሚሉት ይህን ነው። የመስቀል ሰሞን ነበር። ሴቶቹ እህላቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ጉደር ከተማ ድረስ ተመላለሱ። ጥገናው ከአንድ በሬ ዋጋ በለጠ።

ለምን እንዲህ ሆነ? የአምቦና የአካባቢው ምንጭ ውሃ ከመሬት ሆድ ሲወጣ ጋዝና የሟሙ ማዕድናት ይዞ ነው። ከነዚህም ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይገኙበታል። ውሃው ሲሞቅ ጋዙ ይወጣል፤ ካልሲየሙም ድንጋይ ሆኖ ይለጠፋል። የኖራ ድንጋይ ማለት ይኸው ነው። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት አይታችሁ የለም እንዴ? በሞተርም ውስጥ የሚሆነው እሱ ነው። ቅርፊቱ ሙቀት አያሳልፍም። ስለዚህ ራዲያተሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ብረቱ ይቃጠላል። የወንዝና የጉድጓድ ውሃም ቢሆን መጠኑ ይለያይ እንጂ ማዕድን አያጣም።

ለሞተር የሚሻለው ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ነው። እሱ ከጠፋ ክረምት ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ ግን ጣራውን ያጥብ፤ እሱን አትያዙት። ንጹሕ ውሃም ብቻውን ብረት ያዝጋል። ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ የተሠራው ለዚህ ነው። በውስጡ ዝገት የሚከላከል መድኃኒት አለ። ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ንጹሕ ውሃ ይቀላቀላል። ተደባልቆ የሚሸጥም ስላለ ጽሑፉን አንብቡ።

ኩላንት ሌላም ጥቅም አለው። በባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አምቦ ግን ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እዚህ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየውም በዚህ ምክንያት ነው። ሞተር ደግሞ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚሠራ ለመፍላት የሚቀረው ጥቂት ነው። ኩላንት የመፍያውን ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ይበልጥ የሚያደርገው ግን የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈ ራዲያተር ስንቱን መኪና በዳገት ላይ አስቁሟል!

መድኃኒቱ እያደር ስለሚደክም ፈሳሹ መለወጥ አለበት። ብዙ ጊዜ የተለመደው በየ2 ዓመቱ ነው። እስከ 5 ዓመት የሚቆይም ዓይነት አለ። ፈሳሹ ደፍርሶ የዝገት መልክ ካመጣ ግን ጊዜውን አትጠብቁ።

ሥራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ ይብረድ። እጅ ብረቱ ላይ ተቀምጦ እስኪችል ድረስ ክዳኑ አይነካ። የታፈነው ውሃ ክዳኑ ሲላላ ፈልቶ ወደ ፊት ይረጫል። እኔ ቸኩዬ ክንዴን ስላቃጠልኩ ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የምናገረው። ሲበርድ ከታች ያለውን ማፍሰሻ ክፈቱና አሮጌውን በሳፋ ተቀበሉ። የሞተሩ አካል ላይም ማፍሰሻ ካለ ይከፈት። ከዚያ ዘግታችሁ ንጹሕ ውሃ ሙሉ። ክዳኑን ግጠሙና ሞተሩን አስነሱት። በመሐል ቴርሞስታት የሚባል በር አለ። የሚከፈተው ውሃው ሲሞቅ ስለሆነ የላይኛው ቱቦ እስኪግል ጠብቁ። አለዚያ የሚታጠበው ግማሹ ብቻ ነው። እንደገና አብርዳችሁ አፍስሱ። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ይህን ደጋግሙ። የጠነከረ ቅርፊት ግን በዚህ አይለቅም፤ ለመካኒክ ይተዋል።

በግል ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከቶ አይጨመርም። የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ቢያፈሱበት ምን ይሆናል? መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት የሞተሩ ራስም እንዲሁ ይሰነጠቃል።

ታጥቦ ሲያበቃ አዲሱ ድብልቅ በዝግታ ይሞላል። ቶሎ ከፈሰሰ አየር በውስጡ ይቀራል። ክዳኑ ሳይገጠም ሞተሩን ቀስ ብሎ እንዲሠራ አድርጉት። አረፋው ሲወጣ ውሃው ይጎድላል፤ ሙሉና ክደኑ። በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ እንደገና እዩት። ራዲያተሩን ከውጭም አትርሱ። በውቂያ ጊዜ እብቅ፣ በወፍጮ ቤት ዱቄት ወንፊቱን ይደፍነዋል። በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል።

አሁን የፈሰሰው አሮጌ ኩላንት ቀረ። ይህ መርዝ ነው። ብዙው ኩላንት የሚሠራው ኤትሊን ግላይኮል ከሚባል ነገር ነው። ክፋቱ ደግሞ ጣፋጭ መሆኑ ነው፤ ውሻም ጥጃም ልጅም ደስ ብሎት ይጠጣዋል። ኩላሊትን ያበላሻል፤ ይገድላልም። የጠጣ ልጅ ደህና ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰድ። አሮጌውን ወደ ወንዝ፣ ወደ ሆራው ወይም ከብት ወደሚጠጣበት ኩሬ አትድፉ። የሚወስድ ጋራዥ እስኪገኝ በጀሪካን ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁና ልጅ ከማይደርስበት ስቀሉ። ጀሪካኑ ላይ በትልቁ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት። ከቤቱ ሰው ኦሮምኛ ብቻ የሚያነብ ካለ በኦሮምኛም ይጻፍ።