ጀላቲን፦ ከቆዳ እስከ ካፕሱል

የበሬ እግር ሲቀቀል አድሮ መረቁ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው በጀላቲን ነው። ጀላቲን የሚገኘው በቆዳና በአጥንት ካለው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ኮላጅን እንደ ገመድ የተገመዱ 3 ሰንሰለቶች አሉት፤ ኖራ ወይም አሲድ ያላላውና ሙቀት ሲያገኘው ግምዱ ይፈታል፣ ሰንሰለቶቹም በከፊል ይቆራረጣሉ። እንደ ኮምቦልቻው ባለ ቆዳ ፋብሪካ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ ክሮም ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ስለሚያስር የለፋ ቆዳ በፈላ ውሃ አይሟሟም።

ደሴ ፋርማሲ የምንገዛው ካፕሱል ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ጀላቲን ነው፤ ምንጩ ከብትም አሳማም ሊሆን ይችላል። ይህ ለውጥ ኢስቲሓላ ይባላል ወይ በሚለው ዑለማዎች ይለያያሉ። በኬሚስትሪው በኩል የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል በአብዛኛው እንዳለ ስለሚቆይ፣ «ጭራሽ ሌላ ነገር ሆኗል» ማለት እኔን ይከብደኛል፤ ብይኑ ግን የዑለማዎች ነው። ከዕፅዋት የሚሠራ ካፕሱልም ስላለ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ።