ፀሐይ ያላሞቀው ባሕር

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ከአባቴ፣ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ሎስ አንጀለስ ከሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሄድን። አጎቴም ካምፐርቫን የሚሏትን፣ አልጋና ምድጃ ያላትን መኪና ተከራይተው በፓስፊክ ዳር ወደ ሰሜን ይዘውን ወጡ። የተጫነው ውኃ ጥቂት ስለ ነበረ ፊትም ሳሕንም በቁጠባ ይታጠብ ነበር፤ እናቴ ግን ቡናዋን አልቀነሰችም።

ፒዝሞ ቢች ስንደርስ ፀሐዩ ደምቆ ስላየሁ ባሕሩ የሞቀ መስሎኝ ሮጬ ገባሁ። ወዲያው እግሬ ደነዘዘ፤ ትንፋሼም ቁርጥ ቁርጥ አለ። ማዕበሉ ሊወስደኝ ሲል አባቴ ከነልብሳቸው ገብተው ጎትተው አወጡኝ።

የቅዝቃዜው ምክንያት እንዲህ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የላዩን ውኃ ይገፋዋል፤ ምድርም ስለምትሽከረከር ውኃው ከዳር ወደ ውቅያኖሱ ይሸሻል። በስፍራውም ቀዝቃዛው ውኃ ከጥልቁ ይወጣል። ጧት ጧት ዳሩን የሚሸፍነው ጉም እርጥብ አየር በዚሁ ውኃ ላይ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው። ሆኖም ከጥልቁ የሚወጣው ውኃ ለዓሣ ሲሳይ የሚሆነውን ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ ባሕሩ እጅግ ባለጸጋ ነው።

በፒየድራስ ብላንካስ አሸዋ ላይ ዝሆን አቆስጣ የሚባሉት አራዊት አሮጌ ቆዳቸውን ሊጥሉ ተጋድመው አየን፤ ወንዱ ከ2000 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ሽታቸውን አልነግራችሁም!

አባቴ በ1932 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የቢክስቢ ድልድይ ለማየት ጓጉተው ነበር፤ ነገር ግን በቢግ ሰር የሚያልፈው መንገድ በናዳ ተዘግቶ ነበርና ተመለስን። በመልስ ፒዝሞ ላይ እንደ ገና ወደ ባሕሩ ወረድን። አባቴ በዚህ ጊዜ እጄን አልለቀቁም።