የኤሌክትሪክ ሰንሰለት መጋዝ አጠቃቀምና አያያዝ

የኤሌክትሪክ ሰንሰለት መጋዝ ሶኬት በቅርብ ለሚያገኝ ሰው የተስማማ መሣሪያ ነው። ቤንዚን አይፈልግም፤ ጭስ የለውም፤ ድምፁም ከቤንዚኑ መጋዝ ያነሰ ነው። ፔዳ ስሙን የወረሰው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ሲሆን፣ አካዳሚው በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እንዲህ ባለ ዛፉም መብራቱም በአንድ ግቢ በሚገኝበት ሠፈር መጋዙ የባሕር ዛፍ ግንድ ለማገዶ ለመቆራረጥ፣ ለአናጢ ቤት እንጨት ለማዘጋጀትና የወደቀ ቅርንጫፍ ለማንሣት ይጠቅማል። ነገር ግን ድምፁ ማነሱ ሰውን ያዘናጋል። ሰንሰለቱ በሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ ጥርስ ጭን ላይ ሲያርፍ የሚያግደው የለም።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው። መጋዙ የሚሠራው ማስነሻው በጣት ተጭኖ እስከተያዘ ድረስ ብቻ ነው፤ ጣት ሲለቀው ይቆማል። አንዳንድ ሰው ጣቱ ሲደክምበት ማስነሻውን በላስቲክ ወይም በሲባጎ አስሮ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ መጋዙ ጸጥ ይላል። ሠራተኛው መሬት ላይ አስቀምጦት ቡና ሊጠጣ ይገባል፤ ልጆች ደግሞ ጸጥ ያለ መሣሪያ ሲያዩ ይቀርባሉ። መብራቱ ሲመለስ መጋዙ ማንም ሳይነካው ይነሣል።

ለባሕር ዳር ሰው ማመንጫ ሩቅ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ጢስ ዓባይ በቅርብ አለ፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስም በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ሆኖም የማመንጫ መቅረብ በክረምት ነፋስና መብረቅ መስመር እንዳይቋረጥ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ማስነሻውን ማሰር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜም መጋዙን ከማስቀመጥ በፊት ስፒናውን መንቀል ያስፈልጋል። ሰንሰለት ሲጠበቅ፣ ሲሞረድ፣ ዘይት ሲጨመር ወይም መጋዙ ከቦታ ወደ ቦታ ሲወሰድም እንደዚሁ ነው።

ስለ ገመድ

ብዙ መጋዝ የሚቃጠለው በሞተሩ ጥፋት ሳይሆን በማራዘሚያው ገመድ ቅጥነት ነው። 2000 ዋት የሚወስድ መጋዝ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። 50 ሜትር ርዝመት ባለው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ቢሠራ 21 ቮልት ያህል በመንገድ ይጠፋል፤ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ግን የሚጠፋው 6 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ቮልት ያነሰው ሞተር ይደክማል፤ ሠራተኛው የደነዘ መስሎት ይጫነዋል፤ በመጨረሻ ጠመዝማዛው ሽቦ ይቃጠላል። በጥቅል ላይ ያለ ገመድም እርስ በርሱ ስለሚሞቅ እስከ መጨረሻው መፈታት አለበት።

ተቆርጦ በናስትሮ የተጠቀለለ ገመድ በእርጥብ ሣር ላይ አይዘረጋም። በመስመሩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ሲያገኝ የሚያቋርጥ ብሬከር ማስገባት ሕይወት ያድናል፤ ተራ ባልቦላ ይህን ሥራ አይሠራም። ዝናብ ሲጥል ሥራው ይቁም። ገመዱ ሁልጊዜ ከሠራተኛው በስተኋላ ይሁን፤ በትከሻ ላይ ቢያልፍ ከሰንሰለቱ ይርቃል።

አቆራረጥ

መጋዝ በሁለት እጅ ይያዛል፤ የግራ አውራ ጣትም ከፊተኛው እጀታ ሥር ይዞራል። ነጠላና ጋቢ ይወልቃል፤ በሸበጥ አይሠራም፤ ዐይን በመነጽር ይሸፈናል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት መሪ ብረት የጫፉ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ በድንገት ወደ ሠራተኛው ፊት ይፈናጠራል። ይህ ርግጫ ከመከላከያ ፍጥነት በላይ ስለሆነ ‹‹ጠንክሬ እይዘዋለሁ›› ማለት ከንቱ ነው። መፍትሔው ጫፉን ከግንድ አለማስነካት፣ መጋዙን ከትከሻ በላይ አለማንሣትና በመሰላል ላይ ሆኖ አለመቁረጥ ነው። ከፊተኛው እጀታ በላይ ያለው የእጅ መከላከያ ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ ወዲያው መቆም አለበት፤ ይህም ሥራ ሳይጀመር ይፈተናል።

ግንዱ በሁለት ጫፍ ተደግፎ መካከሉ ባዶ ከሆነ ከላይ ሲሦውን ቆርጦ ከሥር መጨረስ፣ በአንድ ጫፍ ብቻ ከተደገፈ ደግሞ ከሥር ጀምሮ ከላይ መጨረስ ነው። ይህ ካልሆነ እንጨቱ መጋዙን ነክሶ ይይዛል። ከመብራት መስመር አጠገብ ያለ ዛፍ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ይነገራል እንጂ አይነካም። የከተማው ጌጥ የሆነው ዘንባባም ለዚህ መጋዝ አይስማማም፤ ግንዱ ቃጫ ስለሆነ ቃጫው በሰንሰለቱ መዘውር ላይ ይጠመጠማል።

ሰንሰለቱና ዘይቱ

ቤንዚን የለውም ማለት ዘይት አይፈልግም ማለት አይደለም። ካቴናውን ሳይቀባ ብስክሌት የሚነዳ የባሕር ዳር ልጅ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል፤ የመጋዙ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይፈጥናል። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ የመጋዙን ጫፍ ሳያስነኩ በካርቶን ላይ አነጣጥሮ ማሠራት ነው፤ የዘይት መስመር ካልታየ ቀዳዳው ተደፍኗል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አይጨመር፤ ብናኝ ብረት ስላለበት ፓምፑን ይደፍናል፤ ቆዳንም ይጎዳል።

የሰንሰለቱ ጥብቀት የሚለካው ሲቀዘቅዝ ነው። ከመሪው ብረት መካከል ላይ ወደ ላይ ሲሳብ የሥር ጥርሶቹ ከቦዩ ፈጽመው መውጣት የለባቸውም፤ በእጅ ሲገፋም በቀላሉ ይዙር፤ እጅ ግን በወፍራም ጓንት ይሸፈን። አዲስ ሰንሰለት ቶሎ ስለሚረዝም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቆረጣዎች በኋላ እንደገና ይታያል። ሲሞቅ የተጠበቀ ሰንሰለት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሥራ ሲያበቃ ይላላ።

የተሳለ ሰንሰለት ስብርባሪ ያወጣል፤ የደነዘ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ያወጣል፤ ይጨሳልም። በጭቃ የተጎተተና ምስጥ አፈር የለጠፈበት ግንድ ቅርፊቱ በምሳር ካልተላጠ አዲስ ሰንሰለት በአንድ ጠዋት ያበላሻል። አነስተኛ የኤሌክትሪክ መጋዞች በብዛት የሚፈልጉት 4 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ነው፤ በ30 ዲግሪ ይያዝና ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ፣ በእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ሁለት ሦስት ጊዜ ይገፋል። አንዱ ወገን ካጠረ መጋዙ ወደ ጎን እየሸሸ ይቆርጣል።

መሪው ብረት በየጊዜው ይገልበጥ፤ የሞተሩ አየር መግቢያ በደረቅ ቡሩሽ ይጠረግ እንጂ በውሃ አይታጠብ። ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት ሰንሰለቱን እንዳያዝገው ዘይት ተቀብቶ፣ ሽፋኑ ገብቶለት፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ይሰቀል።